እጅ ወደ ኋላ

ጥቅምት 12

ለእንዝርቷ እህቴ፣

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። እኔ ደህና ነኝ። ልጅሽ ጭራሮም ደህና ናት፤ ቅጽል ስሟን ግን መቀየርሽ አይቀርም፣ ጉንጭ አውጥታለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያስጽፍሻል እንዳትይኝ። የእሑዱ ስልክ የእሷ ነው። ተቀብዬ ሁለት ቃል ሳልናገር ከሥር ቀሚሴን ትጎትታለች። ደግሞም ልጅን ልጅየዋ ፊት ማማት ደስ አይለኝም።

ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍልን ሰጡኝ። እንግዲህ ቤት ስትገባ አክስቷ፣ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ እኔው ሆንኩባት። ምስኪን፣ ማምለጫ የላትም። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ታስታውሺያለሽ? አንቺ አዲስ ጫማሽን ያስዋጥሽበት። እሱን ሥራ ላይ አውየዋለሁ። ልጆቹን በቡድን በቡድን እከፍልና ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ሳይነኩ እንዲሻገሩ አደርጋለሁ። የምሰጣቸው ጥቂት ሳንቃ፣ አሮጌ ጎማና ገመድ ነው። ሳንቃው ያጥራል፣ ጎማው አይበቃም፤ ሆን ብዬ ነው። ተነጋግረው፣ ተራ ጠብቀው፣ ከኋላ ያነሡትን ወደ ፊት እየተቀባበሉ ካላነጠፉ አይዘለቅም። አንዱ ጭቃ ከነካ ቡድኑ በሙሉ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ጭቃው ሲደርቅብኝ ደግሞ ቧንቧ እከፍትበታለሁ። የዘበኛው አስተያየት ምን እንደሆነ አልነግርሽም።

ለራሴም ሕግ አውጥቻለሁ። እነሱ ሲሻገሩ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። ቢወድቁ አላነሣም፣ ቢጣሉ አልገላግልም፣ ቢያለቅሱ "ታዲያ ምን ይሻላል?" ከማለት በቀር አልናገርም። የመጨረሻው ልጅ ሲሻገር "ቲቸር፣ አሁን እጅሽን አውጪ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ያኔ ነው የማቅፋቸው። እነሱ ሳይፈቅዱልኝ እጄ ከወጣ ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ቡድኑ ይመለሳል። እጄ እንዴት እንደሚበላኝ ብታውቂ!

ያንቺዋ የመጀመሪያ ቀን ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆማ "አልችልም" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ልጅ፣ ያቺ ጥርሰ ወላቃ፣ "አልቅሰሽ ስትጨርሺ ንገሪን" አለቻትና ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። ሌሎቹም ጠበቋት። አልተሻገሩም፤ ጭራሮ ግን ሁለት እርምጃ ሄደች። በኋላ ክፍል ገብተን ጥያቄ ልትጠይቀኝ እጇን አወጣችና "እማዬ" ብላ ጠራችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ልጅ ነች፣ ምላሷ ይሳሳታል።

አሮጌ ገመድ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

እትዬሽ

ኅዳር 20

ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ጤናሽ አይጓደል፣ ድምፅሽ በልጆች ጩኸት አይዘጋ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ አንሶላ ነው። ከማሽኑ ትኩስ ትኩሱን እናወጣና አንዷ ከዚያ፣ አንዷ ከዚህ ጫፍ ይዘን እናጥፈዋለን፤ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ባልደረባዬ በዕድሜ እናታችንን ታክላለች። በቋንቋ አንግባባም፤ በአንሶላ ግን እንግባባለን። ስትስቅም ትጎትታለች፣ ስትቆጣም ትጎትታለች። ያን ዕለት ግን እኔ እንዴት እንደ ጎተትኩ አላውቅም፣ ከእጇ መንጭቄ ወለሉ ላይ ጣልኩባት።

"እማዬ" ብላ ጠራችኝ ትይኛለሽ። ክፍሉ ሳቀ ትይኛለሽ። እኔ አልሳቅኩም፣ እትዬ። አውቃለሁ፣ ልጅ ይሳሳታል። አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ ለምን አትሳሳትም? እሑድ ስደውል የእኔ የምትሆነው "ሃሎ" እስክትል ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ሳንቃ ነው፣ ጎማ ነው፣ ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር እንዲያ ሳቀች። "ናፍቄሻለሁ?" ስላት "አዎ" ትልና ወደ ሳንቃዋ ትመለሳለች። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት ለፍቅረኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ጨዋታሽ ደግሞ ደፍሬ ልናገር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ልጄን የተውኩልሽ ፊደል እንድታስቆጥሪያት እንጂ ጭቃ ውስጥ እንድትነክሪያት አይደለም። ደረቷ ብርድ እንደማይችል ታውቂያለሽ። የማያንሸራትት ጫማና የጉልበት መከላከያ ልኬላታለሁ። ገመድ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር አልፈለግኩም።

ሻርፔን አሁንም ይዛው ትተኛለች? ይህን ብቻ ንገሪኝ።

እንዝርትሽ

ታኅሣሥ 28

ለእንዝርት እህቴ፣

ሙቀቱ አይጉዳሽ፣ ክንድሽ አይዛል። ባልደረባሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ አንሶላው የወደቀው በእኔ ጦስ ነው።

ዕቃው ደርሷል። ጫማው ልኳ ነው። የጉልበት መከላከያው ግን ጉድ አፈላ። አድርጋው ብቅ ስትል አንዱ፣ "እሷ ጋሻ አላት፣ እኛስ?" አለ። ሌላዋ፣ "እሷ ብትወድቅ አይቆጠርም ማለት ነው?" ብላ ተነሣች። ቀኑ በኩርፊያ አለቀ፤ እኔም እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ምላሴን ስነክስ ዋልኩ። በማግስቱ ራሷ አወለቀችው። ሳንቃው ጎማው ላይ እየተንሸራተተ ነበር የሚያስቸግራቸው። የዳቦ ቤቷ ልጅ መከላከያውን አገላብጣ አየችና፣ "ለጉልበትሽ ከሚሆን ለሳንቃው ይሁን" አለቻት። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ሸጎጡበት፤ ሳንቃው ቀጥ! እስከ መሀል ደረሱ። "እማዬ ናት የላከችው" እያለች ለግቢው ሁሉ ስታሳይ ዋለች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ላልሽው፣ ልክ ነሽ፣ አይበቃም። ካላቦካ ግን መቼ ይለምዳል?

ሻርፑን ጠይቀሽኛል። አዎ፣ ይዛው ትተኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ቆሽሾ አየሁትና አጠብኩት። እንዴት እንደ ሆነች ልንገርሽ? "ሽታዋን አጥበሽ ደፋሽው!" ብላ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። የሠራሁላትን በላች፣ ያጠብኩላትን ለበሰች፣ ጸጉሯን አስጎነጎነች፤ ቃል ግን አልተነፈሰችም። እኔ ጠዋት ማታ እየደከምኩ አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ በአንዲት ጨርቅ ታሸንፊኛለሽ። ቀልዴን ነው። ግማሹን ቀልዴን ነው።

ገመዳችን ተበጠሰ። እናንተ ዘንድ የሚጣል የተቀደደ አንሶላ ካለ ላኪልን። ልጆቹ ቢጎነጉኑት ከገመድ አያንስም።

እትዬሽ

የካቲት 24

እትዬ፣

እንደምን አለሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ መልሱ ነው ከእጄ አልወጣ ያለኝ።

አንሶላዎቹን ልኬአለሁ። ጠርዛቸው ቢበላም መሀላቸው ጠንካራ ነው። እኔና ባልደረባዬ አጥፈናቸዋል። ለሚቀደድ ነገር ማጠፍ ምን ያደርጋል ትይ ይሆናል፤ እጃችን ለምዶ ነው።

የምጽፈው ግን ለዚህ አይደለም። ባለፈው እሑድ ልጄ ምን አለችኝ? "እማዬ፣ ወደቅኩ! እስከ አንገቴ ጭቃ ሆንኩ! ማንም አላነሣኝም!" ስልኩን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አንቺስ የት ነበርሽ? እዚያው ቆመሽ፣ እጅሽን ወደ ኋላ አጣምረሽ ታዪ ነበር። የወለደ አንጀት ቢኖርሽ እጅሽ እንዴት ይታዘዝልሽ ነበር? እንዲህ ብዬ መጻፍ አልነበረብኝም። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ለአባቷ እህት ደውዬአለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ እሷ ዘንድ ትኖራለች፤ ቤቷ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ትገባለች። ግቢው ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው አሉ።

ቅናት ነው ትያለሽ። አዎ፣ ቅናት ነው፤ ድብን ብያለሁ። ስትወድቅ የምታዪአት አንቺ፣ ስትነሣ የምታዪአት አንቺ። ለእኔ የሚደርሰኝ ወሬው ነው። ቢሆንም ልጅቱ የእኔ ናት።

እናቷ

መጋቢት 20

ለእህቴ፣

ደህንነትሽን እመኛለሁ። ስለ አንጀት ያልሽኝን ሆዴ ይፍጀው፤ መልስ አልሰጥበትም። ልጅሽን ወደፈለግሽው ቤት መውሰድ መብትሽ ነው፣ ልብሷንም አጥቤ አስቀምጫለሁ። ከመሄዷ በፊት ግን ያልሰማሽውን ስሚ።

"ማንም አላነሣኝም" ያለችሽ ልትከሰኝ ሳይሆን እየፎከረች ነው። ወደቀች፣ ብቻዋን ተነሣች፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ "በሉ ተመለሱ፣ እንደገና!" ብላ ቡድኑን መራች። ያቺ "አልችልም" ባይ! ሳምንቱን ሙሉ እሑድ እስኪደርስ የተቁነጠነጠችው ይህን ለአንቺ ልትነግር ነው። እኔማ አይቼዋለሁ፤ ለእኔ ምን ይደንቃል?

ሌላው የራሴ ጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንሶላሽ የጎነጎኑትን ገመድ ማዶ ካለው ዛፍ ጋር አስረው፣ እሱን እየያዙ አንድ በአንድ ተሻገሩ። የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። እግሯ ሸርተት አለ። የሌሎቹ እግር ሲንሸራተት ስንቴ አይቻለሁ፣ እጄ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። የእሷ ጊዜ ግን እጄ እኔን አላማከረኝም፤ ክንዷን ጨብጬ ራሴን አገኘሁት። "ቲቸር፣ እጅ!" ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። ቡድኑ ወደ መነሻው ተመለሰ። የዳቦ ቤቷ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የምትጠብቀዋ፣ ያን ዕለት እሷ አለቀሰች። ያንቺዋ ግን ፊት ለፊቴ ቆመች፣ "ለምን ያዝሽኝ? ገመዱን ልይዘው ነበር እኮ! አንቺ እናቴ አይደለሽም፤ ቲቸሬ ነሽ" አለችኝ።

ይኸው፣ አንጀት የላትም ያልሽኝ አንጀት ነበረኝ። የልጆቹን ልፋት ገደል የከተተው እሱ ነው። ለክፍሉ ሁሉ አስተማሪ ነኝ፤ ለአንዷ ምን እንደሆንኩ እንጃ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ቡድኑ ሳይሻገር አትውሰጂያት። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ አንዱ ሰው ጥሎ ሲሄድ የእሱን ሎሚ ማን ይይዝለታል?

እትዬሽ

ሚያዝያ 14

እትዬዬ፣

እድሜሽን ያርዝመው፣ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ሌላ ጊዜ ከልብሽ አልነበረም ወይ ብለሽ እንዳትመረምሪኝ።

የሆነውን ሳልደብቅ ልንገርሽ። "አንቺ እናቴ አይደለሽም" የሚለውን ሳነብ አንሶላ እያጠፍኩ ዘፈንኩ። ባልደረባዬ ሹመት ያገኘሁ መስሏት ጉንጬን ሳመችኝ። ደስታዬ ግን እስከ ማግስቱ አልቆየም። ያቺ የተዘረጋች እጅሽ ዓይኔ ላይ ተተከለች። ልጄ ስትንሸራተት የደረሰላት እጅ ያንቺ ነው፤ የእኔ እጅ ያን ሰዓት የማላውቀው ሰው የሚተኛበትን አንሶላ ይዞ ነበር። ስላላነሣሻት ተቃጠልኩ፣ ስለያዝሻት ተቃጠልኩ። እኔን ከራሴ ጋር ማን ያስታርቀኝ?

የአባቷን እህት ነገር ተዪው። ደውዬ ቀርቷል ብያታለሁ፤ ለሲሚንቶው ግቢ ሌላ ልጅ ይፈልጉ። ያንን የአንጀት ነገር አልሰርዘውም ብዬ ነበር። አንቺ ሰርዢልኝ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። የልጄ የመግቢያ ፈቃድ ወጥቷል። ሐምሌ ላይ ወደ እኔ ትመጣለች። እልህ አይደለም፣ ካመለከትኩ ከርሟል፤ ሳይሳካ እንዳይቀር ፈርቼ ነው ለማንም ያልተናገርኩት። ለእሷ እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ። ትሻገርና ላኪልኝ።

እንዝርትሽ

ሰኔ 27

ተሻገሩ!

ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ይቅር በይኝና አሁን ልበልሽ፤ እንደምን ነሽ፣ ሰላም ነሽ ወይ? ተሻገሩልሽ።

ከመጋቢት ወዲህ ስንት ጊዜ ሞክረው ስንት ጊዜ እንደ ተመለሱ አልነግርሽም። ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ በመዝጊያው ሳምንት፣ ዳይሬክተሩ እንኳ መስኮቱን ከፍቶ እያየ ነበር፤ ያው "ይህ የጭቃ ትምህርት በየትኛው መጽሐፍ ነው ያለው?" ይለኝ የነበረው ሰውዬ። ልጅሽ መነሻው ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች። ከቦርሳዋ ሻርፕሽን አወጣች። "አንቺ አትታመኚም" አለችና እጆቼን ወደ ኋላ አጥብቃ አሰረቻቸው። ቡድኑ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

በዚህ ጊዜ ማንም አልቸኮለም። ሳንቃውን ሲቀባበሉ "ያዝኩ" ሳይባል "ለቀቅኩ" የሚል አልነበረም። ያ "እኛስ?" ባዩ ልጅ ጎማው ላይ ተንበርክኮ የሌሎቹን እግር ሲያስተካክል ነበር። ጭራሮ አሁንም መጨረሻ ሆነች፤ ራሷ ናት የመረጠችው። እዚያው ቦታ እግሯ ሸርተት አለ። ሻርፑ እጄን ያዘኝ። እሷ ደግሞ ገመዱን ያዘች፣ ያንቺን አንሶላ፤ ትንሽ ተንጠልጥላ ከቆየች በኋላ ማዶ ረገጠች። "ቲቸር፣ አሁን እጅሽን አውጪ!" አሉ። ታስሬ የለ! ሁሉም ተረባርበው ፈቱኝ።

አሁን ደግሞ የእኔን ተራ ስሚ። ሻንጣዋን ራሷ ሞልታዋለች። ከብዷል፤ አላነሣሁላትም። በር ላይ ቆሞ ሳየው ቀናሁ። ዓመቱን ሙሉ አንቺ ስትቀኚ በሆዴ "ምን ጎደለባት፣ የወለደችው እሷ" እል ነበር። ለካ ቅናት እንዲህ ነው የሚያቃጥለው። ጠዋት ጸጉሯን ልትጎነጉኚ ነው፤ እሑድ ስልክ ጠባቂዋ እኔ ልሆን ነው። ቀሚስሽን እየጎተተች ስልኩን እንደምትቀማሽ ግን ከአሁኑ እወቂው።

ትናንት ትራሴን ሳነሣ ሻርፕሽን ከሥሩ አገኘሁት። "ረስተሽዋል" ስላት፣ "አልረሳሁትም። እኔ እሷ ዘንድ እየሄድኩ አይደል፤ አንቺ ያዢው" አለችኝ። የሚሸተው እሷን እሷን ነው። አላጥበውም።

እትዬሽ

ሐምሌ 19

ለእትዬዬ፣

የዘረጋሻት እጅሽ አትጥፋብሽ፤ ያጣመርሻትም እንደዚያው። ልጃችን በሰላም ደርሳለች። ሁለት ጊዜ "ልጄ" ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ቀየርኩት።

ትናንት ሥራ ቦታ ይዣት ሄጄ ነበር። ባልደረባዬ የአንሶላ ጫፍ አስያዘቻት። እኔ ወራት የፈጀብኝን እሷ ወዲያው ገባት፤ ባልደረባዬ ከመጎተቷ በፊት ዓይኗን ታያለች። ስትወጣ "ይህቺ ሴትዮ ቡድናችን ብትሆን ጥሩ ነበር" አለችኝ። የዳቦ ቤቷ ልጅ ጥርስ ማብቀሏን አለማብቀሏን ጻፊልን፤ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

አሁን ስለ መጣችበት ቀን። አየር ማረፊያው መቀበያ አዳራሽ ውስጥ መከለያውን ተደግፌ ቆሜአለሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰው ይወጣል፣ የእኔ አይደለም። በመጨረሻ ብቅ አለች። አንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ ከጎኗ ናት። ሻንጣው ከእሷ ይበልጣል፣ አንድ ጎማው ተሰብሯል፣ እየጎተተችው ትንገዳገዳለች። መከለያውን ሾልኬ ሮጥኩ። እጄን ዘርግቼ ልደርስባት ስል ቀና ብላ አየችኝና ከሩቅ ጮኸች፦ "እማዬ፣ እጅ!"

ቆምኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ እንደ ተያዘ ሌባ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ሻንጣው ተገለበጠባት። እጄ በላኝ፣ እትዬ። ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ ግን ወደ ሠራተኛዋ ዞራ "ታዲያ ምን ይሻላል?" አለቻት። ሴትዮዋ ቋንቋውን ከየት ታውቀዋለች? ልጅቷ የሻንጣውን አንዱን ጫፍ ይዛ ሌላውን በአገጯ አሳየቻት። ሁለቱ ተባብረው አነሡት። "ያዝኩ" ስትል ሰማሁ። እየተሳሳቁ፣ እየተንገዳገዱ እፊቴ አመጡት። አቆመችው፣ እንዳይወድቅ በጉልበቷ ደገፈችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"አሁን እጅሽን አውጪ" አለችኝ።

አነጋገሯ ቁርጥ ያንቺ ነበር። ቀናሁ፣ እትዬ። ቀናሁና እጄን አወጣሁ።

እንዝርትሽ